ማቅለሽለሽን አንደብቅ

እህቶቼ፣ ተናገሪ ስትሉኝ «ከአሥረኛ ክፍል ያላለፍኩ ሰው ምን እነግራቸዋለሁ?» ብዬ ነበር። ግን ይህን በራሴ ስለደረሰ አውቀዋለሁ።

መካ ውስጥ ኩዳይ የሚባል ሰፈር ሰው ቤት እሠራ ነበር። ባለቤቴም እዚያው ሹፌር ነበር። የመጀመሪያ ልጄን ሳረግዝ በሁለተኛው ወር ማቅለሽለሽ ጀመረኝ። የሚቀቀለው ሥጋ፣ የበረኪናው፣ የሽቶው ሽታ ሁሉ ያስመልሰኛል። «ሰነፈች» እንዳይሉኝ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧ ከፍቼ አስመልሳለሁ፤ ተጉመጥምጬ ወደ ምድጃው እመለሳለሁ። እንዳያስመልሰኝ ብዬም መብላትና መጠጣት ተውኩ። የጎዳኝ እሱ ነው። በአራተኛው ቀን ደረጃ ስወጣ ዓይኔ ጨለመ። ባለቤቴ ሐኪም ቤት ወሰደኝ፤ ግሉኮስ ተሰቀለልኝ። ሐኪሟ «ሰውነትሽ ውሃ አጥቷል፤ እስካሁን ምን ትሠሪ ነበር?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

እህቴ፣ ይህ ስንፍና አይደለም። ከአሥር ነፍሰ ጡሮች ሰባት ስምንቱን ያቅለሸልሻቸዋል። ከእርግዝናው ጋር ከሚመጣ ሆርሞን ነው። የጠዋት ሕመም ቢባልም ቀንም ማታም ይመጣል። ብዙውን ጊዜ በ6ኛው ሳምንት ገደማ ይጀምራል፣ በ9ኛው ይበረታል፣ ከ12 እስከ 16 ባለው ይቀልላል።

ሆድሽን ባዶ አታድርጊ። ማታ ደረቅ ዳቦ ወይም ኮሎ ራስጌሽ አስቀምጪ፤ ጠዋት ሳትነሺ ቅመሽ፣ ጥቂት ቆይተሽ ቀስ ብለሽ ተነሺ። ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ብዪ። ውሃውን በጉንጭ በጉንጭ ጠጪ። የዝንጅብል ሻይ ለብዙዎች ይረዳል። ትኩስ ምግብ ከሸተተሽ አቀዝቅዘሽ ብዪ። ስታጸጂ መስኮት ክፈቺ፤ በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር በፍጹም አትደባልቂ። ጓደኛ የሰጠችሽን ኪኒን አትዋጪ፤ ለነፍሰ ጡር የሚሆን መድኃኒት ሐኪም ያዝልሻል።

ውሃ እንኳ ቀኑን ሙሉ አልረጋልሽ ካለ፣ ሽንትሽ ከጠቆረ ወይም ከቀረ፣ ስትቆሚ ካዞረሽ፣ ደም ካስመለሰሽ ግን አንድ ቀን አትቆዪ። ሳውዲ ውስጥ በ937 የጤና ምክር ይሰጣሉ፤ አምቡላንስ በ997 ነው። አረብኛው ቢያስቸግርሽ «አና ሐሚል» በይ፤ ነፍሰ ጡር ነኝ ማለት ነው።

አብራሽ የምትኖር ልጅ ቧንቧ ከፍታ ከቆየች ደግሞ ዝም አትበይ። በሩን አንኳኪ። «ዳቦ ላምጣልሽ?» በያት። እኔን ያኔ እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም።