የአሮጌ ላንድሮቨር ካምቢዮ ስለ ማውረድና ፍሪሲዮኑን ስለ ማደስ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአውቶሞቢል ክበብ ስም የተደረገ ንግግር)



 ከእኔ በፊት የተናገሩት ጓደኞቼ ስለ ታሪክና ስለ ሳይንስ ታላላቅ ነገር አሰምተዋችኋል። እኔ የምነግራችሁ ግን እጅን በግራሶ ስለሚያጠቁር ሥራ ነው፤ ይኸውም ዕድሜ የጠገበ የጭነት ላንድሮቨር ፍሪሲዮኑ ሲበላ ካምቢዮው እንዴት እንደሚወርድና እንዴት እንደሚመለስ ነው። ነገሩ የመካኒክ ብቻ ጉዳይ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ከመካከላችን በገበያ ቀን እህልና ሰው በሚያመላልስ አሮጌ መኪና ገቢ የሚተዳደር ቤተ ሰብ ያለው ተማሪ አለ። እንዲህ ያለው መኪና ሲቆም የቀለቡና የደብተሩ ገንዘብም አብሮ ይቆማል።

የንግግሬ ፍሬ ነገር አንድ ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ ውዱ ድካሙ ነው እንጂ ዕቃው አይደለም። የሚለወጠው ሸራ ስፋቱ 23 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ ክብ ነገር ነው፤ እርሱ ዘንድ ለመድረስ ግን ደኅና የሆነውን ሁሉ መፍታት ግድ ነው። እንግዲህ ብልህ ሠራተኛ ከመፍታቱ በፊት ያረጋግጣል፤ ሲፈታ ይጠነቀቃል፤ ከፈታ በኋላም ዳግመኛ እንዳይፈታ ሁሉን ይመረምራል።

ላንድሮቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1948 በአምስተርዳም በተደረገ የመኪና ትርዒት ላይ ነው። አሳቡን ያመነጨው የእንግሊዙ የሮቨር ኩባንያ መሐንዲስ ሞሪስ ዊልክስ ነበር። ከ2ኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ አገር ብረት እንደ ልብ የማይገኝ ስለ ነበረ አካሉ ከአሉሚንየም ቅይጥ ተሠራ። ዛሬ የምናገርለት ሲሪዝ 2ኤ የተባለው ነው፤ እርሱም ከ1961 እስከ 1971 ድረስ የተሠራው ነው። በአገራችንም ላንድሮቨር የደጋውን ድንጋይና ጭቃ ችሎ ሲያገለግል የኖረ ስለ ሆነ ብዙ ሰው ያውቀዋል።

ወደ ሥራው ከመግባቴ በፊት ቃላቱን ላስረዳ። በጋራዦቻችን የሚነገሩት ስሞች አብዛኞቹ ከኢጣሊያ ቋንቋ የመጡ ናቸው፤ ፍሪሲዮን፥ ካምቢዮ፥ ኩሽኔታ፥ ቦኮላ፥ ሞላ ሁሉ ከዚያ የተወረሱ ናቸው። ፍሪሲዮን ማለት ሰበቃ ማለት ስለ ሆነ ስሙ ሥራውን ይነግረናል። ቮላኖ የሚባለው ከባድ የብረት ክብ ከሞተሩ ጋር ሳያቋርጥ ይዞራል። ሸራው በካምቢዮው ዘንግ ጥርሶች ላይ ተሰክቶ በቮላኖውና በተጫኝ ሳህኑ መካከል ይቀመጣል። ጠንካራ ሞላዎች ሳህኑን በሸራው ላይ ሲጫኑት የሞተሩ ኃይል በሰበቃ ወደ ካምቢዮው ያልፋል። ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ ደግሞ ሳህኑ ወደ ኋላ ይሸሽና ሸራው ነፃ ይሆናል። ሸራው በሞተርና በካምቢዮ መካከል የተቀበረ በመሆኑ ሁለቱ ሳይለያዩ እርሱን መንካት አይቻልም።

ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ አስቀድሞ ሕመሙን መለየት ያስፈልጋል። የፍሪሲዮን ሕመም በሁለት ይከፈላል። አንደኛው መንሸራተት ነው፤ መኪናው ጭኖ ዳገት ሲወጣ ሞተሩ ይጮኻል፥ መኪናው ግን አይፈጥንም፥ የተቃጠለ ነገርም ይሸታል። ሁለተኛው አለመላቀቅ ነው፤ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ተረግጦ ሳለ ሸራው ከቮላኖው ስለማይለቅ ማርሽ ሲገባ ይንጫጫል። ለሁለተኛው ሕመም ካምቢዮ ለማውረድ መቸኮል አይገባም። የፔዳሉ ዘይት ጎድሎ፥ ወይም በቧንቧው ውስጥ አየር ገብቶ፥ ወይም ፖምፓው አፍስሶ እንደ ሆነ በመጀመሪያ ይታይ፤ ከእነዚህ አንዱ ከሆነ ሥራው የጥቂት ሰዓት ነው። ለመንሸራተቱም ቢሆን ፔዳሉ ጥቂት ባዶ መንገድ ሊኖረው ይገባል፤ ይህ ከጠፋ ሞላዎቹ በሙሉ ኃይላቸው ስለማይጫኑ ደኅናው ሸራም ይንሸራተታል።

በዚህ መኪና ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። የማርሾቹን ፍጥነት አስተካክሎ ያለ ጩኸት የሚያጋጥመው መሣሪያ በሲሪዝ 2ኤ የሚገኘው ለ3ኛና ለ4ኛ ማርሽ ብቻ ነው። ስለዚህ 1ኛና 2ኛ ማርሽ መኪናው እየሄደ ሲለወጥ ቢጮኹ ጥፋቱ የፍሪሲዮን ላይሆን ይችላል። ለማረጋገጥ መኪናው ቆሞ ሞተሩ በቀስታ ሲሠራ ፔዳሉን ረግጦ ጥቂት ሰኮንዶች መቆየትና ማርሻዴትሮ ማስገባት ነው፤ ያን ጊዜም ከተንጫጫ በእውነት አይላቀቅም ማለት ነው።

ሕመሙ ከታወቀና መውረዱ ግድ ከሆነ የመጀመሪያው ሥራ ጎማዎቹን በፊትም በኋላም በድንጋይ ወይም በግንድ መደገፍ ነው። ይህን አጥብቄ የምናገረው ስለ ሕይወት ነው። በብዙ መኪና የእጅ ፍሬን የኋላ ጎማዎችን ይይዛል። በዚህ መኪና ግን የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ከካምቢዮው በስተኋላ ያለውን ዘንግ ነው። ኃይል አድራሽ ዘንጎቹ የተፈቱ እንደ ሆነ የእጅ ፍሬኑ ቢሳብም፥ ማርሽ ቢገባም ጎማዎቹን የሚይዛቸው የለም። በዘቅዛቃ ስፍራ ላይ ከሥሩ የተኛ ሰው ይህን ካላወቀ መኪናው በላዩ ይሄድበታል።

ከዚህ በኋላ የባትሪው ገመድ ይፈታል። የቤንዚኑ ታንክ በቀኝ በኩል ካለው የፊት መቀመጫ ሥር ስለ ሆነ ሲጋራም ሆነ ክብሪት በአጠገቡ አይድረስ። ቀጥሎ መቀመጫዎቹ፥ የወለሉ ቆርቆሮዎችና የመቀመጫው ሣጥን ይነሣሉ። በዚህ ጊዜ ትዕግሥት የሚያስጨርሰው የትንንሾቹ ብሎኖች ብዛት ነው፤ አሉሚንየምና ብረት እርጥበት ባለበት አብረው ሲኖሩ ስለሚበላሉ ከብሎኖቹ አንዳንዱ አልፈታም ይላል። ዝገት የሚያለሰልስ ዘይት ዋዜማውን ማጠጣት ይረዳል። ከየስፍራው የወጣው ብሎን በየራሱ ጣሳ ይቀመጥ፤ በጣሳውም ላይ ስሙ ይጻፍ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ብሎን ሁሉ በአንድ ጣሳ ለሚጥል ሰውም ይሆናል።

ከዚያም የማርሽ ዘንጎች፥ የፍጥነት መለኪያው ገመድ፥ የእጅ ፍሬኑ ማያያዣና መንገድ የሚዘጋው የማርሚታ ቧንቧ ይለያያሉ። ኃይል አድራሽ ዘንጎቹ ከመፈታታቸው በፊት በመጋጠሚያቸው ላይ በቀለም ምልክት ይደረግ፤ ሲመለሱ በቀድሞው አኳኋናቸው መግጠም አለባቸውና። የፍሪሲዮኑን የታችኛ ፖምፓ ቧንቧውን ሳይፈቱ ከነቧንቧው ወደ ጎን ማሰር ይሻላል፤ ይህ ከሆነ አየር አይገባበትም።

አሁን ክብደቱ ይመጣል። ካምቢዮው ኃይል ከሚያከፋፍለው ጓደኛው ጋር አንድ ኩንታል ጤፍ ያህል ይከብዳል። ሞተሩም በስተኋላ በኩል የሚያርፈው በካምቢዮው ላይ ስለ ሆነ ካምቢዮው ሲወጣ ሞተሩ እንዳይዘም ከሥሩ ክሪክና ሳንቃ ይደገፍለት። ካምቢዮውን በሰንሰለት ማንሻ ይዞ በዙሪያው ያሉትን ዳዶዎች መፍታትና ቀጥ አድርጎ ወደ ኋላ መሳብ ነው። ፈጽሞ ማውጣት የማይፈልግ ሰው 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ገፍቶ በዚያ ክፍተት ፍሪሲዮኑን ይለውጣል፤ ይህም የታወቀ ዘዴ ነው። በማናቸውም መንገድ ቢሆን ግን ዘንጉ ከሸራው ሳይወጣ ካምቢዮውን ማንጠልጠል ክልክል ነው፤ ክብደቱ የሸራውን እምብርት ያጣምመዋል።

ፍሪሲዮኑ ሲገለጥ በውስጡ ጥቁር አቧራ ይታያል። ይህን አቧራ በአፍ ወይም በኮምፕረሰር አየር እፍ ማለት አይገባም። በቀድሞ ዘመን የፍሪሲዮንና የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ በሚባል የማዕድን ጭረት ይሠራ ነበር፤ ጭረቱም በትንፋሽ ሲገባ ከብዙ ዓመታት በኋላ የሳንባ በሽታና ካንሰር ያመጣል። የአውሮፓ ኅብረት በ1999 ባወጣው መመሪያ አባል አገሮቹ አስቤስቶስን እስከ 2005 መጀመሪያ እንዲከለክሉ አዘዘ። የአሮጌ መኪና ሸራ ግን መቼ እንደ ተሠራ ስለማይታወቅ አፍንጫን ሸፍኖ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ፥ ጨርቁንም በላስቲክ ቋጥሮ መጣል ይገባል። ጋራዥ ውስጥ የሚውሉ ወጣቶች ወንድሞቻችን ይህን ቢሰሙ እወዳለሁ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ምርመራ የሥራው ሁሉ ልብ ነው። አጎቴ ባለው አንድ ላንድሮቨር የሆነውን ልንገራችሁ። መኪናው ዳገት አልወጣ ስላለ ባንድ ጋራዥ ካምቢዮው ወርዶ አዲስ ሸራ ተደረገለት። ሁለት ወር ሳይሞላው እንደ ገና ተንሸራተተ። ሁለተኛ ሲከፈት አዲሱ ሸራ በዘይት ርሶ ተገኘ፤ ከሞተሩ በስተኋላ ዘይት የሚያግደው ፓራኦሊዮ አርጅቶ ኖሮ ማንም አልተመለከተውም ነበር። ያ ሁሉ መቀመጫ፥ ያ ሁሉ ብሎን፥ ያ ሁሉ ቀን ዳግመኛ ተከፈለበት፤ መኪናውም በመከር ጊዜ ቆመ።

ስለዚህ ካምቢዮው ከወረደ አይቀር እነዚህ ይታዩ። ቮላኖው የተሰነጠቀ፥ የተቦረቦረ ወይም በሙቀት ሰማያዊ ነጥብ ያወጣ እንደ ሆነ ይመርመር። የዘንጉ ጫፍ የሚያርፍባት ትንሿ ቦኮላ ተበልታ እንደ ሆነ ትለወጥ። ሳህኑን የሚገፋው ኩሽኔታ በእጅ ሲዞር የሚያጉረመርም ከሆነ አይመለስ። ዘይት ከታየም ከየት እንደ መጣ ይለይ፤ የሞተር ዘይት ቀጭንና ጥቁር ነው፥ የካምቢዮ ዘይት ግን ወፍራም ነው፥ ሽታውም ልዩ ነው። ደግሞም ከቮላኖው ቤት ሥር አንዲት ቀዳዳ አለች። መኪናው ጥልቅ ወንዝ ሲሻገር ውሃ እንዳይገባ በብሎን ትደፈናለች፤ ከተሻገረ በኋላ ግን መከፈት ይገባታል። ተደፍና የቀረች እንደ ሆነ የሚንጠባጠበው ዘይት መውጫ አጥቶ ሸራውን ያርሰዋል፤ ክፍት ከሆነች ግን በጠብታዋ በሽታውን አስቀድማ ታስታውቃለች።

መመለሱ የማውረዱ ግልባጭ ነው፤ ሆኖም ሦስት ነገር ልብ ይባል። የሸራው እምብርት ረጅም ወገን ወደ ካምቢዮው ይዙር። ሸራው በመካከል እንዲቀመጥ በአሮጌ የካምቢዮ ዘንግ ወይም በልኩ በተጠረበ እንጨት ይያዝ፤ የተጫኝ ሳህኑም ብሎኖች ፊት ለፊት እየተመረጡ ጥቂት በጥቂት ይጥበቁ። ካምቢዮው ሲገባ ጥርሶቹ አልገጥም ቢሉ ማርሽ አስገብቶ የኋላውን ዘንግ በእጅ ቀስ ብሎ ማዞር ነው እንጂ ዳዶዎቹን በማጥበቅ አስገድዶ መሳብ አይገባም፤ ይህ ሸራውን ያጣምማል፥ ቤቱንም ይሰብራል። ሁሉ ከገጠመ በኋላ የመቀመጫው ሣጥን ከመታሰሩ በፊት ፔዳሉ ይረገጥ፥ ማርሹ ይሞከር፥ ዘይቱ ይታይ።

ክቡራን ወላጆች፥ በአገራችን ቀድሞ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ይናቅ ነበር፤ ማረሻውን ግን ሁሉም ከእርሱ ይቀበል ነበር። ልጆቻችሁ በዕረፍት ቀን እጃቸው ጠቁሮ ሲመጡ ትምህርት ትተው የዋሉ አይምሰላችሁ። ስለ ሰበቃ፥ ስለ ሚዛንና ስለ ሙቀት በክፍል የተማርነው ሁሉ በዚያ አሮጌ መኪና ሥር ይገኛል፤ መርምሮ መፍረድንም እዚያ እንማራለን። እናንተም ጓደኞቼ፥ መፍቻ ከማንሣታችሁ በፊት ጠይቁ፤ የተከፈተውንም ሳትመረምሩ አትዝጉ።

ትምህርት ቤታችን በዚህ ዓይነት ትምህርት ብዙ ዓመት እንዲያገለግል እመኛለሁ።