ሪራ ላይ፣ ማር ፊት



ባልና ሚስት ለእረፍት ከጎባ ተነሱ። የሰነቴን አምባ ብርድ አለፉ። ጅብራ አዩ፣ ቀይ ቀበሮ አዩ፣ ተሳሳቁ። ቁልቁለቱን ወርደው ሪራ መንደር፣ ቀርከሃው ጋ ሲደርሱ ግን ተኳረፉ። በምን? በማር።

እሷ የሐረና ጫካ ማር ለእናቷ መግዛት አማራት። እሱ "ይቺ ብር ለመመለሻችን ናት" አለ። "ትናንት ጓደኞችህን ስትጋብዝስ?" አለች። ማር ሻጩ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን ያያል። ምስኪን፣ ዋጋ ቀንሶላቸው ነበር እኮ!

እሱ መንገዱን አስቦ ነው። እሷ እናቷን አስባ ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው። ግን ቤት ሳሉ አልተነጋገሩም። "ለምኑ እናውጣ? ምኑን እንተው?" አልተባባሉም። ቤት ያልተባለው፣ ሪራ ላይ፣ ሰው ፊት ተባለ።

ለበዓልም ሆነ ለጉዞ የምታስቡ ካላችሁ፣ ንግግሩን ዛሬ ቁርስ ላይ ጀምሩት። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ። ከሒሳቡ በፊት "አንቺ ምን አማረሽ? አንተስ?" ተባባሉ።

ማሩማ ተገዛ። ትንሽዬ ዕቃ ሙሉ። ሚስት ጉልበቷ ላይ ይዛው ተመለሰች። ዝም፣ ዝም እንደተባባሉ ሰነቴ ላይ ወጡ። ያኔ ባልየው ጉሮሮውን ጠረገና፣ "እስቲ አቅምሺኝ" አለ።