የበረራ ሰዓትና የታክሲ ሜትር

(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



የበዓሉ ኮሚቴ እንድናገር ሲጠይቀኝ በመጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። እኔ በዩኒቨርሲቲ የጀመርኩትን ምህንድስና ሳልጨርስ የተሰደድኩ፣ በዋሽንግተን ከተማ ታክሲ እየነዳሁ ልጆቼን የማሳድግ ሰው ነኝ። ሆኖም ከአርባ ዓመቴ በኋላ አውሮፕላን ማብረር መማሬን የሰሙ ወጣቶች፣ «ስንት ሰዓት ያስፈልጋል? እንዴትስ ይመዘገባል?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ የማውቀውን ላካፍላችሁ ቆሜአለሁ።

በአሜሪካ ደንብ የግል አብራሪነት ፈቃድ ለማግኘት በተለመደው መንገድ ቢያንስ 40 የበረራ ሰዓት ያስፈልጋል። ከዚህ ውስጥ 20 ሰዓቱ ከአስተማሪ ጋር፣ 10 ሰዓቱ ደግሞ ለብቻ የሚበረር ነው። ተከፍሎት ለሚያበር ሰው የሚሰጠው ፈቃድ በአብዛኛው 250 ሰዓት ይጠይቃል። በ2009 ቡፋሎ አጠገብ 50 ሰዎች ካለቁበት አደጋ በኋላ በወጣው ሕግ ምክንያት፣ ከ2013 ጀምሮ የአየር መንገድ ረዳት አብራሪ እንኳ በመደበኛው 1,500 ሰዓት ሊኖረው ይገባል፤ ከወታደር ቤት ለመጡና በዩኒቨርሲቲ አቪዬሽን ላጠኑ ይቀነሳል። ይህ ሁሉ ሰዓት የሚታወቀው አብራሪው ራሱ ከሚሞላው መዝገብ ነው።

የታክሲ ሜትር ቆመን ስንጠብቅም ይቆጥራል። የበረራ ሰዓት ግን አውሮፕላኑ ለመብረር ብሎ በራሱ ኃይል ሲንቀሳቀስ ይጀምርና፣ ካረፈ በኋላ ሲቆም ያበቃል። የሚጻፈው በአሥርዮሽ ነው፤ 6 ደቂቃ 0.1 ስለሆነ፣ አንድ ሰዓት ተኩል 1.5 እንጂ 1.30 አይደለም። አንዱ ሰዓት በብዙ ዓምድ ሊገባ ይችላል፤ በጠቅላላው ድምር ግን አንድ ጊዜ ብቻ ይቆጠራል።

«ለብቻ» የሚባለው በአውሮፕላኑ ውስጥ ሌላ ሰው ሳይኖር የተበረረው ነው። ተማሪ በአዛዥ አብራሪነት ዓምድ የሚጽፈው ይህንኑ ብቻ ሲሆን፣ ከአስተማሪው ጋር የበረረውን በትምህርት ዓምድ ያስገባል። ፈቃድ ካገኘ በኋላ ግን በተፈቀደለት ዓይነት አውሮፕላን መሪውን ብቻውን የያዘበትን ሰዓት በአዛዥነት መጻፍ ይችላል፤ አጠገቡ ሆኖ የሚያስተምረው አስተማሪም እንዲሁ።

የሌሊት በረራ የሚመዘገበው ፀሐይ እንደጠለቀች ሳይሆን፣ የማታው ድንግዝግዝታ ካበቃ ጀምሮ የንጋቱ እስኪጀምር ባለው ጊዜ ነው። በሌሊት ሰው ለማሳፈር ግን መለኪያው ይለያል፤ ባለፉት 90 ቀናት ውስጥ፣ ፀሐይ ከጠለቀች 1 ሰዓት በኋላ እና ከመውጣቷ 1 ሰዓት በፊት ባለው ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ተነሥቶ ሦስት ጊዜ አርፎ ሙሉ በሙሉ መቆም ያስፈልጋል። የመሣሪያ በረራም ቢሆን፣ አንድ ሰዓት በርሮ ደመና ውስጥ በመሣሪያ ብቻ የመራው 18 ደቂቃ ከሆነ፣ በዚያ ዓምድ 0.3 ብቻ ይጽፋል።

እኔን ያሰናከለኝ ግን የረጅም ጉዞው ዓምድ ነበር። ለግል ፈቃድ ለብቻ 5 ሰዓት ረጅም ጉዞ ይጠየቃል። ለዚህ የሚቆጠረው፣ ከተነሡበት ቦታ በቀጥታ መስመር ሲለካ ከ50 ኖቲካል ማይል በላይ የሚርቅ ማረፊያ ላይ የታረፈበት በረራ ነው። እኔ ከ2001 ጥቃት በኋላ በዋሽንግተን ዙሪያ ጥብቅ ቁጥጥር የተደረገበትን የአየር ክልል በመዞር 58 ማይል በርሬ አረፍኩ። የታክሲ ነጂ ነኝና የሄድኩበትን ቆጠርኩ። ቦታው በቀጥታ መስመር 47 ማይል ነበር። አስተማሪዬም እኔም አላስተዋልንም።

በፈተናው ቀን ፈታኙ ካርታውን ለካና መዝገቤን መለሰልኝ። 5.2 ብዬ ከደመርኩት 1.6 ወጥቶ 3.6 ቀረኝ። ለዚያ ቀን ብዬ የብዙ ሌሊት ገቢዬን አጠራቅሜ ነበር፤ ልጄም ከትምህርት ቤት መጥታ «አለፍክ ወይ?» ልትለኝ ስልክ ይዛ ትጠብቅ ነበር። አብሮኝ የሚማር አንድ ሰው፣ «የማረፊያውን ስም ለውጠህ በሌላ ቀን ሌላ ፈታኝ ዘንድ ሂድ፤ ማን ያያል?» አለኝ። ሳላፍር ልንገራችሁ፣ እስክሪብቶዬን አውጥቼ ነበር።

ያስቆመኝ ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ ምንም እንኳ አውቆ በሐሰት የጻፈ ሰው ፈቃዱ ሊታገድ ወይም ሊሰረዝ ቢችልም። አንድ ቀን ልጄን አጠገቤ አስቀምጬ ስነሣ፣ ያልበረርኩት ሰዓት በነፋስና በደመና መካከል ምን ይረዳኛል? ብዬ አሰብኩ። ወረቀቱ ሰውን ሊያታልል ይችላል፤ አየሩን ግን አያታልልም። እስክሪብቶዬን መልሼ ኪሴ ከተትኩ። ለልጄም «አላለፍኩም፤ ጥፋቱም የኔ ነው» አልኳት። ከአምስት ሳምንት በኋላ የጎደለኝን በርሬ፣ እዚያው ፈታኝ ፊት ቀርቤ አለፍኩ።

ስለዚህ ወጣቶች፣ መዝገባችሁን በበረራችሁበት ዕለት ጻፉ፤ ርቀቱን ከመነሣታችሁ በፊት በካርታ ለኩ፤ ዓምዶቹን በየወሩ ደምሩ፤ መዝገቡ እንዳይጠፋባችሁም ግልባጭ አስቀምጡ። ስሕተት ስታገኙም ቀድሞ የተጻፈው እንዲነበብ በአንድ መስመር ሰርዛችሁ አርሙ። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ልጆቻችን የሚወርሱት ግን እውነተኛ ጽሑፍ ሲሆን ነው። የማኅበራችንም የአሥር ዓመት መዝገብ፣ የተሳካልንም ያልተሳካልንም በታማኝነት የተጻፈበት እንዲሆን እመኛለሁ።

ለሃያኛው ዓመት በሰላም ያድርሰን።