ጎንጎቹና የእኛ ካሴቶች



አዘጋጆቹ «ከሙያህ አንድ ነገር አጫውተን» ሲሉኝ፣ ስለ ፊሊፒንስ የጎንግ ሙዚቃ ላውራ ብዬ መረጥኩ። «ይሄ ደግሞ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ትንሽ ታገሡኝ።

በደቡብ ፊሊፒንስ፣ በሚንዳናኦ ደሴት፣ ማጊንዳናኦና ማራናኦ የሚባሉ ሙስሊም ሕዝቦች አሉ። ዋናው የሙዚቃ ጓዛቸው ኩሊንታንግ ነው። መሃላቸው እንደ እምብርት ወጣ ያለ፣ አብዛኛውን ጊዜ 8 የሚሆኑ ትናንሽ ጎንጎች ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ድምፅ ተደርድረው በሁለት ዱላ ይመታሉ። በማጊንዳናኦዎች የቆየ ልማድ ዜማውን የምትመታው ሴት ናት። አጉንግ የሚባሉት ትልልቅ ተንጠልጣይ ጎንጎች የወንዶች ናቸው፤ ጉልበት ማሳያም ጭምር። ዳባካን ከበሮው ነው፤ ባበንዲል ደግሞ ምቱን የምትጠብቅ ትንሽ ጎንግ ናት።

እኔን ግን ከሁሉም የገረመኝ ጋንዲንጋን ነው። 4 ጎንጎች ፊት ለፊት ተንጠልጥለው ንግግር ያስመስላሉ። የቃሉን ምት፣ ከፍና ዝቅ ማለቱን ተከትለው መልእክት ይልካሉ። ወጣቶች በሽማግሌ ፊት በአፍ የማይደፍሩትን በጎንግ ይባባሉበት ነበር። (ሳቅ)

በሰሜኑ ተራራማ አገር፣ በኮርዲሌራ፣ ጋንግሳ አለ፤ ጠፍጣፋ ጎንግ። እያንዳንዱ ተጫዋች የያዘው አንድ ጎንግ ነው፤ ዜማው የሚወጣው ሁሉም ሲገጣጠሙ ነው። እምቢልታ ነፊዎቻችን ቢሰሙት ወዲያው ይገባቸዋል። ስለ ሮንዳላ፣ ከስፔን ዘመን ስለመጣው የክር መሣሪያ ቡድን፣ ዛሬ አላወራም፤ እሱ ኖታ አለው፣ አይጠፋም።

ኩሊንታንግ ግን ሌላ ነው። አንዱ ቤት ያለው ጎንግ ሌላው ቤት ካለው ጋር በቅኝት አይገጥምም። በፒያኖ ጆሮ ብትሰሙት የተበላሸ ይመስላችኋል። ስለዚህ በአምስት መስመር ጽፌ አስቀምጠዋለሁ ቢባል ግማሹ ይቀራል። መቅዳት ያስፈልጋል።

ይህን የተረዳው ሆሴ ማሴዳ ነው (1917–2004 እ.ኤ.አ.)። ፓሪስ የተማረ ፒያኒስት ነበር። አገሩ ተመልሶ ከ1950ዎቹ ጀምሮ መቅረጫ ይዞ በየመንደሩ ዞረ፤ በፊሊፒንስ ዩኒቨርሲቲም አስተማረ። ራሱም ደራሲ ስለሆነ፣ በ1974 እ.ኤ.አ. «ኡግናያን» የተባለ ሥራውን በ20 ክፍል ቀድቶ በተለያዩ ሬዲዮ ጣቢያዎች በአንድ ጊዜ እንዲተላለፍ አደረገ፤ ሰው ሬዲዮኑን ይዞ አደባባይ ወጣ። የመስክ ቅጂዎቹ ዛሬ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ፤ በ2007 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ በዓለም መዝገቡ አስገብቷቸዋል።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ተማሪ ሳለሁ ለመመረቂያ ጽሑፌ የቀዳኋቸውን 11 ካሴቶች ለአንድ ቢሮ አስረክቤ ነበር። ቢሮው ሲዛወር ካርቶኑ የት እንደገባ የሚያውቅ ጠፋ። ከቀዳኋቸው አባቶች ዛሬ በሕይወት ያለ የለም። ጽሑፉ አለ፤ ድምፁ የለም።

እናንተም ቁምሳጥን ላይ፣ አልጋ ሥር ያስቀመጣችሁት ካሴት እንዳለ አውቃለሁ። ለሠርግ ፊልም መቅጃ ካላዋላችሁት ማለቴ ነው። ማጫወቻና ኮምፒውተር ይዤ መጥቻለሁ፤ ከምሳ በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት እስከ ማታ እቀመጣለሁ። ዛሬ ያልያዛችሁ ነገ ጠዋት አምጡ። ማን እንደተጫወተ፣ የትና መቼ እንደሆነ ልባሱ ላይ ጻፉልኝ፤ ዋናውን ካሴት እዚያው ቀድቼ እመልስላችኋለሁ።