ስለ ነርሶች ከስቴት ወደ ስቴት መዛወርና ስለ ኑሮ ሒሳብ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንዲት የመጨረሻ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



 ከእኔ በፊት የተናገሩት ጓደኞቼ ስለ ሀገር ፍቅርና ስለ ትምህርት ጥቅም መልካም ንግግር አድርገዋል። እኔ የመረጥሁት ነገር ከዚያ ዝቅ ያለ ሳይመስላችሁ አይቀርም፤ ይኸውም በአሜሪካ የሚሠሩ ነርሶች፥ ከእነርሱም ውስጥ ብዙ ያገራችን ልጆች፥ ለሥራና ለረከሰ ኑሮ ሲሉ ከአንዱ ስቴት ወደ ሌላው ስለ መዛወራቸው ነው። ይህንንም የመረጥሁት ስለ ሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፥ እዚህ ከተቀመጥነው ተማሪዎች መካከል ነርስ ለመሆን የምናስብ ብዙዎች ስለ ሆንን ነው። ሁለተኛውን ወደ መጨረሻው እናገራለሁ፤ አሁን ብናገረው ያሳፍረኛል።

እናቴ ነርስ ናት። ትምህርቷን በፈጸመች ጊዜ ተመራቂዎቹ የተመደቡት በዕጣ ነበር፤ ለእርሷም ጂንካ ደረሳት። ሻንጣዋንና አንድ ብርድ ልብስ ይዛ በአርባ ምንጭና በኮንሶ በኩል አድርጋ ሄደች። የቤት ኪራይ ስንት ነው፥ ጎረቤቱስ ማን ነው ብላ የጠየቀችው ሰው አልነበረም። ዕጣው አዘዘ፥ እርሷም ሄደች። ነገሩ ቢከብዳት የምታማርረው ዕጣውን ነበር እንጂ ራሷን አልነበረም።

የእናቴ ታናሽ እኅት፥ አክስቴ፥ ዕጣ የወጣላት በሌላ መንገድ ነው፤ የዲቪ ዕጣ ደርሷት ወደ አሜሪካ ሄደች። ከዋሽንግተን ከተማ አጠገብ በሜሪላንድ ስቴት ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባል ከተማ ተቀመጠች። ይህች ከተማ ኢትዮጵያውያን የበዙባት ናት፤ እንጀራም፥ በርበሬም፥ ለቅሶ የሚደርስ ሰውም አይታጣባትም። አክስቴ ቀን እየተማረች፥ ሌሊት በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አልጋ እያነጠፈችና ሽማግሎች እያጠበች፥ ከብዙ ዓመት በኋላ ነርስ ሆነች። ከዚያ በኋላ ግን ወዴት ሄዳ እንደምትሠራ ዕጣ የሚያወጣላት አልነበረም። ራሷ መምረጥ ነበረባት፤ ቢሳሳትባትም የምታማርረው ራሷን ነው።

ስለ ፈቃዱ ጥቂት ላስረዳ፤ ይህን የማያውቅ ሰው ነገሩን ሊረዳው አይችልምና። በአሜሪካ የነርሶች ፈተና በሀገሩ ሁሉ አንድ ነው፤ ኤንክሌክስ ይባላል። ፈተናው በኮምፒዩተር የሚሰጥ ሲሆን ዛሬ ከ85 እስከ 150 ጥያቄ አለው፤ ቁጥሩ እንደ ተፈታኙ መልስ ይረዝማል ወይም ያጥራል። ፈተናው አንድ ይሁን እንጂ የሥራ ፈቃዱን የሚሰጠው እያንዳንዱ ስቴት ለብቻው ነው። ይህም ለተዛዋሪው ችግር ስለ ነበረ፥ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ አንዳንድ ስቴቶች የአንዱን ፈቃድ ሌላው እንዲቀበል ተስማሙ። ሜሪላንድና ቴክሳስ ከመጀመሪያዎቹ መካከል ናቸው፤ ዛሬ በስምምነቱ የገቡት ከ40 በላይ ሆነዋል። ከእነዚህ ባንዱ የምትኖርና የስምምነቱን ፈቃድ የያዘች ነርስ በሌላው ገብታ መሥራት ትችላለች። ቤቷን ጠቅልላ ከተዛወረች ግን፥ እ.ኤ.አ. ከጥር 2024 ጀምሮ በጸናው ደንብ፥ በ60 ቀን ውስጥ ለአዲሱ ስቴት ፈቃድ ማመልከት አለባት። ካሊፎርኒያና ኒው ዮርክ ግን በስምምነቱ አልገቡም፤ ወደዚያ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ የእነርሱን ፈቃድ ጠይቆ መጠበቅ አለበት። (ካገራችን ተምሮ የሚሄድ ነርስ ደግሞ ከዚህ ሁሉ በፊት የትምህርት ማስረጃው ይመረመራል፤ እናቴ ይህን ስትሰማ፥ «እኔ እንደ ገና ልፈተን?» ብላ ስቃለች።)

እ.ኤ.አ. በ2024 አክስቴ የቤት ኪራዩ ስለ ከበዳት ለመዛወር አሰበች። ወረቀት አውጥታ በሦስት ሰንጠረዥ ከፈለችው፤ አንዱን ሜሪላንድ፥ አንዱን ቴክሳስ፥ አንዱን ካሊፎርኒያ ብላ ጻፈችበት። የዚህ ወረቀት ፎቶግራፍ በእጄ ይገኛል።

የካሊፎርኒያው ሰንጠረዥ አጭር ነው። የነርስ ደመወዝ እንደዚያ የሚከፈልበት ስቴት የለም፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የመንግሥቱ የሥራ መሥሪያ ቤት ባወጣው ቁጥር በዓመት በአማካይ ከ130 ሺህ ዶላር በላይ ነበር፤ በቴክሳስ ግን ወደ 90 ሺህ ነበር። በዚያ ላይ አንዲት ነርስ ስንት በሽተኛ እንደምትይዝ በሕግ ተወስኗል፤ ሕጉ እ.ኤ.አ. በ1999 ወጥቶ በ2004 ሥራ ላይ የዋለ ሲሆን፥ ተራ በሽተኞች በሚተኙበት ክፍል ለአንዲት ነርስ ከ5 አይበልጡም። ቴክሳስ እንዲህ ያለ ቁጥር የሚወስን ሕግ የለውም። እንግዲህ ምን ቀረ ትሉ ይሆናል። የቀረው ቤት ነው። በካሊፎርኒያ የመካከለኛ ቤት ዋጋ ከ800 ሺህ ዶላር በላይ ነበር፤ አክስቴ ደግሞ ከሁሉ አስቀድማ የምትመኘው ለልጅዋ የራሷ የሆነ በር ነው። ስለዚህ በሰንጠረዡ ላይ አንድ መሥመር ሰረዘችበት። እኔ ብሆን ሳልሰርዝ ጥቂት አስብበት ነበር፤ ነገር ግን ኪራይ ከፍዬ አላውቅም።

አሁን ወደ ሁለቱ ሰንጠረዦች ልምጣ። አክስቴ የምትሠራው በሳምንት ሦስት ጊዜ ለ12 ሰዓት፥ በጠቅላላው 36 ሰዓት ነው። በሜሪላንድ በሰዓት 42 ዶላር ይከፈላት ነበር፤ በዓመት ከ78 ሺህ ዶላር ጥቂት ይበልጣል። በቴክሳስ የቀረበላት 38 ዶላር ሲሆን በዓመት ወደ 71 ሺህ ይደርሳል። ስለዚህ በደመወዙ 7 ሺህ 500 ያህል ታጣለች። ነገር ግን በሜሪላንድ ለስቴቱም ለአውራጃውም የገቢ ግብር ይከፈላል፤ ይህም ከእርሷ ላይ በዓመት ከ5 ሺህ ዶላር በላይ ይወስድ ነበር። ቴክሳስ ለፌዴራሉ መንግሥት ከሚከፈለው በቀር የገቢ ግብር የለውም (ቤት ለገዛ ሰው ግን የቤቱ ግብር ከባድ ነው)። ኪራዩም በሲልቨር ስፕሪንግ በወር 2 ሺህ 300 ዶላር የነበረው፥ በዳላስ አጠገብ ባለችው በጋርላንድ ከተማ 1 ሺህ 550 ሆነ፤ በዓመት 9 ሺህ ዶላር ተረፈ። ቀድሞ በባቡር ትሄድ የነበረችው አሁን መኪና ስለሚያስፈልጋት በወር 300 ጻፈች። ተደምሮ ተቀንሶ በዓመት 2 ሺህ 900 ዶላር ይተርፋል። ከታች ሁለት ጊዜ አሥምራበታለች።

አዲሱ ሐኪም ቤት ደግሞ ለሚፈርም ነርስ 10 ሺህ ዶላር ይሰጥ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላው የሚለቅ ሰው ግን ይመልሰዋል። አክስቴ ይህን በሒሳቡ ውስጥ አላስገባችውም፤ በመኪናውና በቤቱ መያዣ አጠፋችው።

በቤታችን ነገሩ በተሰማ ጊዜ አያቴ፥ «ከሰው መኻል ወጥታ ወዴት ልትሄድ ነው?» አሉ። እናቴ፥ «እዚያም ሐበሻ አለ» አለች፤ እውነት ነው፥ በዳላስ አካባቢ የኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያንም የእንጀራ ሱቅም አለ። አያቴ ግን፥ «ሐበሻስ ይኖር ይሆናል፤ እኔ የምለው ሰው ነው» ብለው ቡናቸውን ጠጡ። እኔም በልቤ ሽማግሌ መቼም ሒሳብ አያውቅም አልሁ።

በሲልቨር ስፕሪንግ ከአክስቴ ቤት በታች ባለው ፎቅ አንዲት የጎንደር ሴት ነበሩ። አክስቴ የሌሊት ተራ በገባች ጊዜ ልጅዋን፥ ስድስት ዓመቷን፥ እርሳቸው ያስተኟት ነበር። ጠዋት አጥበው፥ አብልተው፥ ትምህርት ቤት ያደርሷት ነበር። ገንዘብ ቢሰጧቸው ይቆጡ ነበር፤ አክስቴ ለበዓል ዶሮ ሠርታ ታወርድላቸዋለች፥ ሐኪም ቤትም ሲሄዱ ታስተረጉምላቸዋለች፤ በቃ ይኸው ነበር። በወረቀቱ ላይ ኪራይ አለ፥ ቤንዚን አለ፥ የስልክ እንኳ አለ፤ እርሳቸው ግን የሉም። ምክንያቱም ዋጋ አልነበራቸውም።

አክስቴ ጋርላንድ በገባች በሳምንቱ የሌሊት ተራ ጀመረች። ልጅን ሌሊት የሚጠብቅ ሰው ለአንድ ሌሊት 60 ዶላር ጠየቀ። በሳምንት ሦስት ሌሊት፥ በዓመት 52 ሳምንት፤ እናንተም ልታባዙት ትችላላችሁ፤ 9 ሺህ 360 ዶላር ነው። ሁለት ጊዜ የተሠመረበት 2 ሺህ 900 ጠፍቶ ከ6 ሺህ በላይ ዕዳ መጣ። ልመለስ እንዳትል የፈረመችበት 10 ሺህ አለ። የቀን ተራ ብትጠይቅም ለቆዩት ነው እንጂ ለአዲስ አይሰጥም ተባለች። በዚያ ላይ ሌሊት ስድስት፥ አንዳንድ ጊዜ ሰባት በሽተኛ ትይዝ ነበር። ለእኛ ግን ይህን ሁሉ አልነገረችንም፤ በስልክ፥ «አገሩ ሰፊ ነው፥ ሰማዩ ትልቅ ነው» ትለን ነበር።

ቀደም ብዬ ያቆየሁት ሁለተኛው ምክንያት እንግዲህ ይህ ነው። የትምህርት ቤት ክፍያዬን የምትከፍልልኝ አክስቴ ናት። በዚያ ዓመት በታኅሣሥና በጥር ሳትልክ ቀረች። እናቴ ዝም አለች፤ እኔ ግን ዝም አላልሁም። «ኑሮ ወደሚረክስበት ሄድሽና ረሳሽን» ብዬ በስልክ ጻፍሁላት። ሁለት ቀን መልስ አልሰጠችም። በሦስተኛው ቀን የዚያን ወረቀት ፎቶግራፍ ላከችልኝ። ከታች በቀይ ቀለም፥ «የታችኛዋ ጎረቤቴ» ብላ ጨምራ፥ በቁጥሩ ቦታ 9,360 ጽፋበት ነበር። ሌላ ቃል አልጻፈችም። በማግሥቱ የታኅሣሡን ክፍያ ላከች፤ ከየት እንዳመጣችው እስከ ዛሬ አላውቅም፥ ለመጠየቅም አልደፈርሁም። ወረቀቱን ለአያቴ ባነበብሁላቸው ጊዜ፥ «የስንት ዓመት ትምህርት ነው ይህን ለማወቅ የፈጀው?» አሉኝ፤ የጠየቁት ስለ አክስቴ ይሁን ስለ እኔ አልገባኝም።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። በዚያው ክፍል ከአክስቴ ጋር የምትሠራ፥ ከኬንያ የመጣች፥ ሕፃን ልጅ ያላት ነርስ አለች። ሁለቱ ተነጋግረው የሥራ ሌሊታቸው እንዳይገጥም ተራ ተለዋወጡ። አክስቴ ሥራ በምትገባባቸው ሦስት ሌሊቶች ልጅዋ ከኬንያዊቷ ቤት ታድራለች፤ ኬንያዊቷ በምትገባባቸው ሦስት ሌሊቶች ሕፃኑ ከአክስቴ ቤት ያድራል። የሚቀረው እሑድ ሌሊት ነው፤ ያን ጊዜ ሁለቱም ይተኛሉ። የአክስቴ ልጅ አሁን ጥቂት ስዋሂሊ ታውቃለች። 60 ዶላሩ ቀረ። ቤቱ ገና አልተገዛም፤ ሁለቱ ዓመት ከሞላ በኋላ ትቆይ ወይም ትመለስ እንደ ሆነም ገና አልወሰነችም።

እኔ የነርስነት ትምህርት ለመግባት አመልክቻለሁ። ባለፈው ሳምንት አክስቴ ደውላ፥ «አንቺስ ስትጨርሺ ወዴት ትሄጃለሽ?» አለችኝ። ሦስት ሰንጠረዥ ያለው ወረቀት ማዘጋጀቴን ነገርኋት። አንዱ ጂንካ ነው፤ እናቴ እስከ ዛሬ ከዚያ የሚደውሉላት ሰዎች አሏት። አክስቴ ሳቀችና፥ «የጎረቤቱን መሥመር ከላይ ነው ከታች የጻፍሽው?» ብላ ጠየቀችኝ። ከላይ ነው አልኋት፤ ቁጥሩን ግን ባዶ ትቼዋለሁ።