የላፕቶፑ ዲስክ ከመቀየሩ በፊት

በ2012 የወጣው ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ430 ዛሬም በየቤቱ ይሠራል። ተነስቶ ለሥራ እስኪደርስ ግን ያስጠብቃል፤ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የፕሮሰሰሩ ሳይሆን በደቂቃ 5400 ወይም 7200 ጊዜ የሚሽከረከረው የሃርድ ዲስኩ ነው። በምትኩ የሚገባው ኤስኤስዲ የተባለው ዲስክ ግን የሚዞር ነገር ስለሌለው መረጃውን ወዲያው ያገኛል።

ከዋጋው በፊት መታየት ያለበት ማስገቢያው ነው። ቲ430 የሚቀበለው ሳታ በተባለው የመረጃ ማስተላለፊያ የሚሠራውን ባለ 2.5 ኢንች ዲስክ ነው፤ የሳታ ፍጥነት ደግሞ በሰከንድ 550 ሜጋባይት ገደማ ላይ ይቆማል። አዳዲሶቹ ላፕቶፖች በብዛት የሚወስዱት ማስቲካ የመሰለውን፣ 22 በ80 ሚሊሜትር የሆነውን ኤም 2 ነው። አድማጭ እዚህ ላይ ልብ ይበል፦ ኤም 2 የሚነግረው ቅርጹን ብቻ ነው። ውስጡ ሳታም፣ ኤንቪኤምኢ የተባለው ሌላ የመረጃ ማስተላለፊያም ሊሆን ስለሚችል፣ ዲስኩ ቢገጥም እንኳ ላፕቶፑ ላያውቀው ይችላል። የላፕቶፑን ሞዴል ይዞ የአምራቹን መመሪያ ማየት ከኪሳራ ያድናል።

መጠኑን በተመለከተ፣ ለሰነድና ለፎቶ 500 ጊጋባይት ለብዙ ሰው ይበቃል።

ይበልጥ የሚያሳስበው ሐሰተኛው ዲስክ ነው። 2 ቴራባይት ተብሎ በርካሽ የተሸጠው፣ ውስጡ ጥቂት ጊጋባይት ብቻ ሆኖ ይገኛል፤ ሲሞላ ፋይል ያበላሻል። ኤች2ቴስትደብልዩ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ዲስኩን ሞልቶ መልሶ በማንበብ ያጋልጠዋል። ይህ ሳይደረግ የአሮጌው ዲስክ ፋይል መጥፋት የለበትም።