የሰፋሪው ቤተሰብ ውሎና የወንፈል ጉልበት
(በምሥረታ በዓሉ ላይ የቀረበ ንግግር)




በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የፈቃደኝነት ሠፈራ ፕሮግራም በሦስት ዓመት ውስጥ 440 ሺህ አባወራዎችን በየክልላቸው ለማስፈር ታቅዶ ነበር። ለአንድ አባወራ እስከ 2 ሄክታር መሬትና የስምንት ወር ቀለብ ሲመደብ፣ የተወለደበት ቀዬ መሬትም ለሦስት ዓመት እንዲጠበቅለት ተወስኗል። በአማራ ክልል መተማና ቋራ ከተቀባይ ወረዳዎች መካከል ነበሩ።

ከደጋ የመጣው ገበሬ የሚያውቀው ገብስና ባቄላ ነው። ቆላ ሲወርድ የጠበቁት ሰሊጥ፣ ማሽላና ጥጥ፣ ሙቀትና ወባ ናቸው። አባወራው ጎጆ ቀልሶ ጫካ ይመነጥራል። እማወራዋ ጎሕ ሳይቀድ ውሃ ቀድታ፣ ፈጭታና ጋግራ ለአረም ትወጣለች። ማሽላው እሸት ሲይዝ ልጆች ወንጭፍ ይዘው ማማ ላይ ይውላሉ። ይህ ወቅት ትምህርት ቤት ከሚከፈትበት ጋር ይገጥማል።

ከሁሉ የሚከብደው የሰሊጥ አጨዳ ነው። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ መርገፍ ሲጀምር፣ የታችኛው ፍሬ ሳይፈነዳ መታጨድ አለበት። ፍሬው አንዴ ከተከፈተ ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል፤ የዓመት ልፋት በጥቂት ቀናት ይባክናል። አጨዳው የሚደርሰው ደግሞ የክረምቱ ዝናብ ካበቃ በኋላ፣ ወባ በሚበረታበት ወቅት ነው። አባወራው ታሞ ቢተኛ ሰሊጡ አይጠብቀውም።

በዚህ ጊዜ የሚያድነው ወንፈል ነው። ዘመድ አገሩ የቀረ ሰፋሪ ጎረቤቱን ዘመድ ከማድረግ ሌላ ምርጫ የለውም። ዛሬ የታመመውን ማሳ ያጨደ፣ ነገ እሱ ሲተኛ የሚያጭድለት ያገኛል። የኅብረት ሥራ ማኅበርም መሠረቱ ይኸው ነው።

የተከበራችሁ አባላት፤

ከአጨዳ በፊት ሦስት ነገር አትርሱ። አንደኛ፣ በየቀበሌው ማኅበር የታመመ አባልን ሰሊጥ ቀድሞ የሚያጭድ ቡድን በስም ይመደብ፤ ባሏ የሞተባት እማወራም ከመዝገቡ አትቅር። ሁለተኛ፣ ማሳ ላይ የሚያድር ሰው አጎበሩን ይዞ ይውጣ፤ ትኩሳት የተሰማው በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ኬላ ይሂድ። ሦስተኛ፣ ወፍ ጥበቃው በአዋቂዎች ተራ ይሁንና ልጆች ትምህርት ቤት ይዋሉ።

ለሰፋሪው የመጀመሪያው ቀለብ የተሰፈረው በወር ነበር። ጎረቤት ግን በወር አይሰፈርም።

መልካም የምሥረታ በዓል!